«አርፈሽ ቁጭ በይ!»

አክስቴን ቤት ያዋልናት እኛው ነን። ጉልበቷን ያማታል፤ ይሄ አልተካደም። ቦንጋ ደግሞ ለታመመ ጉልበት የምትመች ከተማ አይደለችም፤ ከዳገቱ ሲያመልጡ ቁልቁለቱ ይጠብቃል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው አለ። ቢሆንም ጉልበቷ ያልከለከላትን እኛ ከለከልናት።

ገና ልትነሳ ስትል «ኧረ አርፈሽ ቁጭ በይ!» እንላታለን። እንሰቱ ጋ አትሂጂ፣ ቡና አትልቀሚ፣ ጀበናውን ልጆቹ ይጣዱት... እኔማ ከአዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ዋናው ተቆጪ ነበርኩ። ፍቅር መሆኑ ነው እንግዲህ! በ2 ዓመት ውስጥ ቡና የሚጠራሯት ጎረቤቶቿ ቤት መሄዱንም ተወችው። ሳትሞክረው «አልችልም» ማለት ለመደች።

በኋላ አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አያት። ሕመሙን ጠይቆ ሲያበቃ፣ «እማማ፣ ከተዉት ነገር የቱ ይናፍቅዎታል?» አላት።

«የጎረቤት ቡና።»

«ዛሬ እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ቢሄዱስ?»

«እስከ አጥሩማ ማን ይከለክለኛል!»

እኔ ወለል ወለሉን አየሁ።

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። በአሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ኬት ሎሪግ የአርትራይተስ ሕመምተኞች ከሕመማቸው ጋር እንዴት መኖር እንደሚችሉ የሚያስተምር ኮርስ ነበራቸው። በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ኮርሱን ከወሰዱ ከ4 ዓመት በኋላ የሰዎቹ ሕመም በአማካይ በ20 በመቶ፣ ሐኪም ጋ መመላለሳቸውም በ40 በመቶ ቀንሷል። የመንቀሳቀስ ችግራቸው ግን በ9 በመቶ ጨምሯል። አካሉ እየደከመ ሕመሙ ቀነሰ ማለት ነው! ተመራማሪዎቹ ይህን ያያያዙት «እችላለሁ» ከሚል እምነት ጋር ነው። እምነቱን በ1977 እ.ኤ.አ. በንድፈ ሐሳብ ያስቀመጠው እዚያው ስታንፎርድ ያስተምር የነበረው አልበርት ባንዱራ ነው። እሱ እንደሚለው ይህ እምነት ከሁሉ በላይ የሚገነባው ሰው ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ነው። ከአጥሩ ደርሶ መመለስ ማለት ነው፤ የእኛ የ«አይዞሽ» ጋጋታ ብዙም አይረዳ።

ይህን ሳወራ አንድ ዘመዳችን «ድሮም ሕመሙ ሐሳቧ ውስጥ ነበር በለኛ!» አለኝ። አይደለም። ጉልበቷ ዛሬም ያብጣል፣ መድኃኒቷንም ትወስዳለች፣ ብርድ ሲሆን ሌሊቱን ስታቃስት እሰማታለሁ። ለውጡ ሌላ ነው፤ ከአጥሩ እስከ መጀመሪያው ጎረቤት፣ ከዚያ ሦስተኛው ቤት ድረስ እያረፈች መሄድ ችላለች።

ባለፈው ስሄድ ጀበናውን ራሷ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ። አፌ ሊከፈት ሲል አየችኝ።

«አንተ አርፈህ ቁጭ በል» አለችኝ። «ወይም ሲኒውን አምጣ።»