ቆጮ አልበላም ያለች ልጅ

ሆሳዕና፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አራት ዓመት የሞላት ልጄ ከሽሮ፣ ከፓስታና ከብስኩት ሌላ አትቀምስም። ቆጮ ሲቀርብ አፍንጫዋን ትይዛለች። ጎረቤቶቼ «የከተማ ልጅ አደረግሻት» ይሉኛል። በእንሰት አገር ተወልዳ ቆጮ መሸሿ እኔንም ያሳዝነኛል። ግን እውነቱን ለመናገር ቆጮ ተብላልቶ የሚጋገር ኮምጣጣ ምግብ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ የሚያደላው ለጣፋጭ ነው። አዲስ ምግብን መፍራት ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚበረታ አጥኚዎች ይናገራሉ። ልጄ እልኸኛ አይደለችም፤ ዕድሜዋ ነው።

መስከረም 18

ሀዲያ ያሆዴ፣ ከምባታ መሳላ የሚለው በዓል ሰሞን ነው። እናቴ ቤት ክትፎው፣ ቆጮው፣ አይብ በጎመኑ፣ ከቡላ የተሠራው አተካና ሁሉ ቀርቧል። ከዱራሜ የመጣችው አክስቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ልጄ ዘረጋች። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። አክስቴ «እምቢማ የለም!» ብላ አገጯን ያዘች።

«አክስቴ፣ ተያት፤ ስትፈልግ ትበላለች» አልኳት።

ደስ አላላትም። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ መመለሱ ነውር ነው። እኔ ግን አፉን ለዘጋ ልጅ የሚገፋ ጉርሻ ከፍቅር ይልቅ ፍርሃት ያስተምራል ባይ ነኝ። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳያያት ጣቷን አተካናው ውስጥ ነክራ ላሰች። የቅቤውን ሽታ ታውቀዋለች። አንድም ሰው ምንም እንዳይል በዓይኔ ለመንኩ።

መስከረም 26

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊያን በርች ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ጥናት ሕፃናቱ አንዳንዱን አዲስ ምግብ እንዲያዩት ብቻ፣ ሌላውን እንዲቀምሱት ተደርጎ ነበር። ጣዕሙን የወደዱት ደጋግመው የቀመሱትን ነው፤ ማየት ብቻውን ለምላስ አልበቃም። ስለዚህ ከሽሮዋ አጠገብ ጥፍር የምታህል ቆጮ አኖራለሁ። ብትነካት፣ ብታሸታት፣ ቀምሳ ብትተፋትም አልቆጣም። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤለን ሳተር ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ። «ጨርሺ!» እየተባልን ላደግን ለእኛ ይህ ቀላል አይደለም።

ጥቅምት 11

ከምሳ በፊት የምትጠጣውን ስኳር የበዛበት ሻይ አስቀረሁ። ረሃቧን ይሰርቃል፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ሰውነት ከእህልና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። ዛሬ ቆጮውን በኮባ ቅጠል ስጠቀልል አብራኝ ጠቀለለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ሆነ። አልበላችም፤ ግን አፍንጫዋን አልያዘችም።

የእኔ ሐሳብ ቆጮ ላይ አያበቃም። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ ቫይታሚን ኤ ከእርሱ አይጠበቅም። አያቶቻችን ከጎመን፣ ከአይብና ከባቄላ ጋር ማቅረባቸው ትልቅ ብልሃት ነበር። የጓሮ ጎመን፣ ዱባና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ቆጮ ለሚበሉ ልጆች የግድ ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ለብዙ እናት ጭንቀቱ ልጁ መምረጡ ሳይሆን የሚመረጥ ምግብ መጥፋቱ ነው፤ ይህን ሳስብ የራሴ ጭንቀት ያንስብኛል።

ኅዳር 4

ስስ ተደርጎ ምጣድ ላይ የደረቀውን ቆጮ በአይብ ትበላ ጀመር። እርጥቡን አትነካም። ጎመኑን ከአይቡ ጋር ካልደቀቀ ለቅማ ታወጣዋለች፤ እኔም ማቅረቤን አልተውም።

ልጃችሁ እየመረጠ የሚያድግ ከሆነ ታገሡት። ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሲውጥ ካነቀው ወይም ምግብ ሁሉ ካስጠላው ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ክንዱን ትለካላችኋለች፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሕክምና ሊያገኝ ይገባል።