«ሲስተም የለም» ያሰኘሁት እኔ ነኝ

መስኮት ላይ ቆማችሁ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ከሚሠሩት አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ቢያንስ የአንዱን ቀን ምክንያት ልነግራችሁ እችላለሁ። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ልለፈው። ሥራዬ ኔትወርክ ነው። ስዊች ማለት የቢሮው ኮምፒውተሮች ገመድ ሁሉ የሚሰካበት ሣጥን ነው፤ የእኛ የሲስኮ ነበር። ለሲስኮ ስዊች የምትሰጡት ትእዛዝ ወዲያው ይሠራል፤ የሚቀመጠው ግን ራም ላይ፣ «ረኒንግ ኮንፊግ» በሚባለው ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስዊቹ እንደገና ሲነሳ የሚያነበው «ስታርታፕ ኮንፊግ» የሚባለውን ነው። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው የሚገለብጠው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ የለመደ ሰው «ራይት» ብሎ ብቻ ይጨርሰዋል።

እኔ እሱን ረሳሁ። የክፍያ መስኮቶቹን ፖርቶች ወደ አዲስ ቪላን አዛወርኩ፣ ሠራተኞቹ «ገባልን» አሉኝ፣ ደስ ብሎኝ ምሳ ወጣሁ። አምስት ወር ያለ እንከን ሠራ። ያልተቀመጠው ከተቀመጠው በምንም አይለይም፤ መብራት እስኪሄድ ድረስ።

አንድ ሰኞ ሄደ። የዩፒኤሱ ባትሪ ካለቀ ቆይቷል (ግዢ ጠይቀን ነበር፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው)። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ስዊቹም ተነሳ፤ ግን የዛሬ አምስት ወሩን ስዊች ሆኖ። ቪላኖቹን ሳይ ሁሉም አሉ፤ እነሱ ፍላሽ ላይ በሌላ ፋይል ስለሚቀመጡ አልጠፉም። ይህ አሳሳተኝና ሰርቨሩን ስጠረጥር፣ ገመድ ስነቅል ቆየሁ። የጠፋው የትኛው ፖርት የየትኛው ቪላን እንደሆነ ነበር። ሌላ ቦታ ያስቀመጥኩት ቅጂም ስላልነበረ አንድ በአንድ በትዝታ መለስኩት። ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሰልፉ ግቢው በር ደርሶ ነበር፤ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ደረጃው ላይ ተቀምጠው የመመለሻ መኪናቸውን ሰዓት ይጠይቁ ነበር።

ሪፖርቱ ላይ «በመብራት መቆራረጥ ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ኃላፊው ግን አንብቦ የጄኔሬተሩን ሠራተኛ ጠራ፤ ዘግይተው አስነስተዋል ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ወዲያው ነው ያስነሳሁት» አሉኝ። «አይዞዎት ጋሼ» አልኳቸው።

ዛሬ የሁሉም ስዊቾች ቅጂ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ማሽን ይወጣል፤ ከትናንቱ የተለየ ነገር ካለ ጠዋት አየዋለሁ። ሆን ብዬ የማላስቀምጥበት ጊዜም አለ። ሩቅ ያለ ስዊች ስነካ አስቀድሜ «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ፤ ተሳስቼ ራሴን ከውጭ ብዘጋው በ10 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ጠፍቶ ይነሳና ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከተሳካ ሪሎዱን ሰርዤ አስቀምጣለሁ።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ዓመት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ፣ ሂሳባቸውን ከፈልኩላቸው፣ መረቁኝ። ያንን ሰኞ አላነሳሁትም።