ነሺዳው ሐላል፣ ፕሮግራሙስ? ሊኑክስ በጉለሌ አንዲት ክፍል ውስጥ



ረመዷንና መውሊድ ሲቃረቡ በየሰፈራችን ስንት ቤት ውስጥ ነሺዳና መንዙማ እንደሚቀረጽ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስቱዲዮ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስና "በሩን ዝጉ!" እያለ የሚጮህ አንድ ልጅ ነው። ሥራው ሲያልቅ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፤ ከሥሩም "ያለ ፈቃድ ገልብጦ መጫን አላህ ዘንድ ያስጠይቃል" የሚል ማሳሰቢያ ይጻፍበታል። ማሳሰቢያው ልክ ነው። ስንት ሌሊት የተለፋበትን ሥራ ሌላው በራሱ ቻናል አውጥቶ ሲበላበት ማየት ያማል። ግን ያ ነሺዳ የተቀረጸበት ፕሮግራም ራሱ ከየት መጣ ቢባል፣ ብዙ ጊዜ መልሱ "ከፍላሽ" ነው። ቁልፉ ተሰብሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ቅጂ።

እኔ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ለመድረሳ ልጆችና ለጓደኞቼ ነሺዳ መቅረጽ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የምሠራው በሊኑክስ ነው። በኮምፒውተር ዕውቀት ተራቅቄ አይደለም። ላፕቶፑን የሸጠልኝ ልጅ "ኩቤዝም፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮም፣ የፈለግከውን ሁሉ እጭንልሃለሁ" ሲለኝ አብሮኝ የነበረው የመድረሳችን ተማሪ፣ ያኔ ገና 13 ዓመቱ፣ "ባለቤቶቹ ፈቅደውልሃል?" ብሎ ጠየቀው። ሻጩ ሳቀ። እኔ ግን ሶለዋት የሚቀረጽበትን መሣሪያ እየገዛሁ ስለነበር መሳቅ አልመጣልኝም። "ባዶውን ስጠኝ" አልኩት።

ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። የማውቀውን ግን ልንገራችሁ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ የባለቤቱ ሐቅ ነው፣ መድፈርም አይፈቀድም ብሏል። በአገራችን ሕግም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ልክ እንደ መጽሐፍ ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። "እነሱ ሀብታም ናቸው፣ የኛ አንድ ቅጂ አይጎዳቸውም" የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነሺዳችንን የሚገለብጠውም ሰው ስለኛ እንዲሁ ይል ይሆናል።

ታዲያ ዋናው ፕሮግራም በዶላር ነው የሚሸጠው፤ ዶላሩ ቢገኝ እንኳ የውጭ ካርድ ከየት ይመጣል? ሊኑክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስን ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጨመሩበት መጥተዋል። ፈቃዱ ግልጽ ነው፦ ተጠቀሙበት፣ ቅዱት፣ ለጓደኛችሁ ስጡ፣ ውስጡን ከፍታችሁ ለውጡት፤ ለሌላ ስታስተላልፉ ግን ያገኛችሁትን ነፃነት ለተቀባዩም አትንፈጉ። ወቅፍ ነው ልል አልፈልግም፤ ወቅፍ የራሱ ሸርጥ አለው። ግን የጓደኛን ፍላሽ ተቀብሎ ያለ ምንም የሕሊና ጥያቄ መጫን ምን ያህል እንደሚያቀል የሞከረው ያውቀዋል።

እኔ የምጠቀመው ኡቡንቱ ስቱዲዮ የሚባለውን ነው። ኡቡንቱን በ2004 እ.ኤ.አ የጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው፤ ስሙም ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። ኡቡንቱ ስቱዲዮ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለድምፅና ለቪዲዮ ሥራ ተብሎ የሚዘጋጀው እትም ነው፤ መቅረጫው፣ ማጣሪያው፣ ሁሉም አብሮት ይመጣል። ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ ማውረድ ይሻላል። አንድ ሰው ካወረደው ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል፤ ደግሞም መስጠቱ የተፈቀደ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በቤት ቀረጻ ትልቁ ፈተና ጥራት ሳይሆን መዘግየት ነው። አንድ አውራጅ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ሲያወርድ ድምፁ በማይኩ ገብቶ፣ በኮምፒውተሩ አልፎ፣ ተመልሶ ጆሮው ይደርሳል። ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ቧንቧ ውኃ ዝም ብሎ አያወርደውም፤ በጀሪካን እየቀዳ ነው የሚያስተላልፈው። ጀሪካኑ እስኪሞላ ይጠብቃል። በሴኮንድ 48,000 ናሙና ስንቀርጽ፣ 1,024 ናሙና የሚይዘው ጀሪካን እስኪሞላ 21 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። መግቢያም መውጫም ስላለው ጊዜው እጥፍ ይሆናል። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የገዛ ድምፁን ዘግይቶ የሚሰማ ሰው ሳያውቀው እየተጎተተ ይሄዳል፤ ተቀባዮቹ ሲገቡ ደግሞ ጭብጨባውና ድምፁ ይለያያሉ። መንዙማን መንዙማ የሚያደርገው አውራጁና ተቀባዩ እኩል መተንፈሳቸው ነው፤ እሱ ከፈረሰ ምንም ዓይነት ማስዋቢያ አይመልሰውም።

ጀሪካኑን ወደ 128 ስናወርደው የአንዱ መሙያ ጊዜ ከ3 ሚሊሴኮንድ በታች ይሆናል። ችግሩ፣ ጀሪካኑ ሲያንስ ቀጂው መሮጥ አለበት። ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ላይ ተጠምዶ አንዱን ጀሪካን በሰዓቱ ሳያነሳ ከቀረ ቀረጻው ውስጥ "ቷ" የሚል ድምፅ ይገባል። ይሄ "ኤክስራን" ይባላል፤ አንድ ጥሩ ትንፋሽ አበላሽቶ ይሄዳል። የሊኑክስ ሰዎች ለዚህ ብዙ ደክመዋል። የድምፅ ሥራ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ቆሞ እንዲያሳልፍ የሚያደርገውን ለውጥ 20 ዓመት ገደማ ለብቻው ሲሠሩበት ቆይተው በ2024 እ.ኤ.አ ዋናው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ አስገቡት። ዊንዶውስ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ አዚዮ የሚባል የራሱ መንገድ አለው። ግን የኔ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ዋይፋዩንና ብሉቱዙን ሳጠፋ፣ በ128 ሙሉ ነሺዳ ያለ አንዲት "ቷ" ይቀርጻል። አልሐምዱሊላህ።

መቅረጫው አርዶር ይባላል። ፖል ዴቪስ የሚባል ሰው ነው የጀመረው፤ ድምፅን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚያስተላልፈውን ጃክ የተባለውንም የሠራው እሱ ነው። በቅርብ ዓመታት እትሞች የጃክን ሥራ ፓይፕዋየር ተረክቦታል፤ ለጀማሪ በጣም አቅልሎታል። ስለ አርዶር አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የተዘጋጀውን ቅጂ ከራሳቸው ድረ ገጽ ለማውረድ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በኡቡንቱ ማከማቻ በኩል ግን ያለ ክፍያ ይጫናል። ሁለቱም በባለቤቱ ፈቃድ ነው። "ነፃ" የሚለው ቃላችን ዋጋ የሌለውንም፣ ሰንሰለት የሌለውንም ይገልጻልና ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ሊኑክስን ሞክረው የተዉ የሙዚቃ ሰዎች ቅሬታቸው አንድ ዓይነት ነው፦ ኩቤዝ የለም፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የለም፣ ኦርኬስትራውን የሚያስመስሉት ውድ መሣሪያዎች በቀጥታ አይሠሩም። እውነት ነው። ክለብ የሚያናውጥ ቢት የሚሠራ ሰው ይቸገራል፤ አልዋሽለትም። እኛስ? ጥሬ ዕቃችን የሰው ጉሮሮ ነው። በመሣሪያ ጉዳይ ላይ ዑለማዎች ያላቸው ልዩነት የታወቀ ነው፤ ጥንቃቄውን የመረጠ ድምፅ ብቻ ይቀርጻል፣ ሌላው ድቤና ጭብጨባ ይጨምራል። በሁለቱም መንገድ ብንሄድ የሚያስፈልገን ብዙ ድምፅ ደራርቦ መቅረጽ፣ ሸካራውን ማለስለስ፣ ጎልቶ የወጣውን ዝቅ ማድረግና መስጂድ ውስጥ የተባለ እንዲመስል ትንሽ ማስተጋባት ነው። ይህ ሁሉ ሊኑክስ ላይ ሞልቷል። ሰዎች ሊኑክስ ላይ ጎደለ የሚሉት አብዛኛው ነገር፣ ነሺዳ ለሚሠራ ሰው ከመጀመሪያውም የማያስፈልገው ነው። ይህን የተረዳሁት 12 ድምፅ የደራረብንበትን አንድ ሥራ ስንጨርስ ነው። ድምፅ የሚያቃናም ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እኔ ባይነካ እመርጣለሁ። ሼኾቻችን መንዙማ ሲያወርዱ ድምፃቸው የሚንሸራተትበት ቦታ አለ፤ ማሽኑ "ስህተት" ብሎ ያቃናዋል፣ ለዛውንም ይዞት ይሄዳል።

ከኮምፒውተሩ ይልቅ ያስቸገረኝ ሰፈሩ ነው። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ቀን የሸማ ዕቃው "ቷ ቷ" አያቆምም፤ ደግሞም የሰው እንጀራ ነው፣ ዝም በሉ አይባልም። ክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ የምንቀርጸው ከዒሻ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ውሻ አለ፤ አንዳንድ ሌሊት ከእንጦጦ የወረደ ጅብም አለ። አንድ የሶለዋት ቅጂ ላይ ከሦስተኛው ስንኝ ኋላ ጅቡ በደንብ ይሰማል፤ ልጆቹ "ተቀባይ ነው" ብለው እንዳይጠፋ ለምነውኝ እስካሁን አለ። በዚህ ምክንያት ኮንደንሰር ማይክ አልመክርም፤ የጎረቤትን ሳል ሳይቀር ይሰበስባል። አፍ ሥር ተጠግተው የሚያወሩበት ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል። ከኋላ ፍራሽ ማቆም፣ ከላይ ጋቢ መዘርጋት ከብዙ ፕሮግራም የበለጠ ይሠራል። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው፣ የድምፅ ካርዱም ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ይቀጥላል።

የድምፅ ካርድ ስትገዙ ያለ ተጨማሪ ሾፌር በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ። ስልክ ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ላይም ይሠራል፤ ሱቅ ውስጥ በስልካችሁ ሞክሩት። የራሱን ሲዲ ጫኑ ከሚል ካርድ ራቁ። የመጀመሪያው ሳምንት አይቀልም። ቅንብሩ ግራ ያጋባል፣ የሚጠይቁት ሰው በሰፈር አይገኝም፣ ማብራሪያው እንግሊዝኛ ነው። ከጓደኞቼ ሁለቱ ሞክረው ተመልሰዋል፤ አልፈርድባቸውም። አንዱ ግን ከወራት በኋላ ከሰው በተቀበለው ፍላሽ ምክንያት ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነውበት፣ የረመዷን ቅጂዎቹን ይዞ እኔ ጋ መጣ። የላፕቶፑ ዕድሜም ዊንዶውስ 11ን አልፈቀደለትም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። አሁን በሊኑክስ ነው የሚሠራው።

በዚህ ዓመት ከነሺዳው ይልቅ ጊዜዬን የወሰደው ሌላ ሥራ ነው። በየቤታችን የአባቶቻችን ካሴት አለ። እንደ ሼኽ መሐመድ አወል ሐምዛ ያሉት ዝነኞች መንዙማቸው ተሰራጭቷልና አይጠፋም። የሚጠፋው ከወሎ የመጣ አያት በአንድ ሐድራ ላይ በቴፕ የቀዳው፣ የሼኹ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ካሴት ነው። ሪባኑ ይላጣል፣ ይሻግታል። እኛ የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከድምፅ ካርዱ ጋር በገመድ አገናኝተን፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንቀዳዋለን። የ60 ደቂቃ ካሴት በጥሩ ጥራት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወጣዋል፤ ፍላክ በሚባለው ነፃ ፎርማት ሲቀመጥ ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ መጠኑ ብቻ በእጅጉ ይወርዳል። ጥሬውን ቅጂ በፍጹም አንነካም። የሹሹታውን ማጽዳት የምናደርገው በሁለተኛው ቅጂ ላይ ነው፤ እሱም በጥቂቱ፣ ምክንያቱም ሲበዛ ድቤውንና የጀመዓውን ትንፋሽ አብሮ ይበላል።

እስካሁን 11 ካሴት ቀድተናል። ለእያንዳንዱ ባለቤት ካሴቱን ከነልባሱ፣ በፍላሽ ደግሞ ቅጂውን እንመልሳለን፤ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ የሚለውን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ሦስቱ ፈቅደዋል። አንዲት እናት ግን "የባለቤቴ ድምፅ ቤት ውስጥ ይቆይ" ብለውናል፤ እሱን ከሳቸው ፍላሽ በቀር የትም አላስቀመጥነውም።