ዕልባታችንን የት እናኑር?

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ብዙ ተጽፏል። ስለ ካርቶን፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ቆርኪ ያልተባለ የለም። ዛሬ እኔ የማነሣው ግን በእጅ የማይጨበጠውን ነው፤ ይኸውም ከኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ጽሑፍ፣ ሥዕልና ፊልም ነገም እንድናገኘው፣ የሥራ ባልደረባችንም እንዲያገኘው ብለን አድራሻውን የምናስቀምጥበት ቦታ ነው። ፈረንጆቹ ቡክማርክ ይሉታል። እኛም ቃል አላጣንለትም፤ ዕልባት ነው። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከቅጠሉ ጫፍ ላይ የተሰፋች ባለ ቀለም ክር አለች፤ አንባቢው እሷን ይዞ ሲገልጥ ከሚፈልገው ቦታ ላይ ያርፋል። ዛሬ «ጉዳዩ እልባት አገኘ» እያልን ቃሉን ለስብሰባ አዋልነው እንጂ የጥንት ሥራው ይኸ ነበር።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ብጀምር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት እጩ መምህራን ለተግባር ልምምድ በየትምህርት ቤቱ በተሰማሩ ጊዜ፣ አንዷን ለመገምገም ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ከኋላ በኩል ሦስት ልጆች በተቀመጡበት ዴስክ ላይ ተጨናንቄ ገባሁ። የዕለቱ ርእስ ቡና ነው። ዝግጅቷ የሚያስመሰግን ነበር፤ የቡና ቅርንጫፍ ከነፍሬው ቆርጣ አምጥታለች፣ ሰንጠረዡንም በእጇ ሥላዋለች። ድምፅዋም ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ታዲያ ወደ ማጠቃለያው ላይ «በዓለም ላይ በጣም ውድ ከሆኑት ቡናዎች አንዱ ጌሻ ይባላል፤ አገሩም ፓናማ ነው» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ጌሻ እኮ እዚህ እኛ አገር ነው። አባቴ ለማር ይሄዳል» አላት።

እሷም ደነገጠች፤ እኔም አቀረቀርኩ። ምክንያቱም ልጁ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን የተሰበሰበው የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ2004 ውድድር አሸንፎ ዓለም ጉድ አለለት። ስሙን ግን ከተወለደበት ይዞ ነው የሄደው። ይህን ሁሉ የሚያስረዳ ጥሩ ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በፊት አግኝቼ፣ ለሁሉም ይጥቀም ብዬ በትምህርት ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሊንኩን አኑሬዋለሁ። እሷም የግሩፑ አባል ናት።

ከክፍል ስንወጣ ቆጣ ብዬ «ያ ሁሉ ሊንክ ተቀምጦልሽ ለምን አላየሽውም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ፈልጌ ነበር እኮ!» አለችና ስልኳን አወጣች። «ጌሻ» ብላ ጻፈች፤ ምንም የለም። እኔ ያኔ የጻፍኩት ለካ «ጌይሻ» ብዬ ኖሯል። አንዲት «ይ» ጨምሬ ጽሑፉን ቀበርኩት ማለት ነው። በመገምገሚያው ወረቀት ላይ ለእሷ የሞላሁትን ነጥብ አልናገርም፤ ለራሴ የሰጠሁት ግን ዜሮ ነበር።

እናንተዬ፣ ይኸ የፊደል ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ! እንግሊዝኛ ጸሓፊ «ሰን» ብሎ ፀሐይን ቢያስቀምጥ ሁሉም በአንድ ዓይነት ይጽፈዋል። እኛ ግን አንዱ «ፀሐይ»፣ አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» ይላል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ሦስት የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው። «ሥነ ትምህርት» የሚለውን በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጥሬ ስድስት ላይ ሰለቸኝ። በዚያ ላይ ክፍተቱ አለ። በቴሌግራም ላይ መለያ ቃል፣ ማለትም ያ መሰላል የመሰለ ምልክት የሚቀድመው ቃል፣ ክፍተት ሲያገኝ እዚያው ይቆረጣል። «የቡና ታሪክ» ብላችሁ ምልክቱን ብታደርጉበት «የቡና» ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱን ቃላት ከግርጌ በምትሰመረው መስመር ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ እኔም አላውቅም ነበር፤ አስተማሪ ነኝ እያልኩ።

ከዚህ በኋላ በትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሣሁ። አንድ የጋራ ዕልባት ማኖሪያ እንምረጥ ተባለ። ምርጫው እንደ ቀላል ታይቶ ከተጀመረ በኋላ ሁለት ከሰዓት በላን። አንዱ ባልደረባችን «ልጆቹ ሁሉም ቴሌግራም ላይ ናቸው፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» አለ። እውነቱን ነው፤ በደካማ ኔትወርክም ይከፍታል፣ ፊልምም ይሸከማል፣ ለማንም አዲስ አይደለም። እኔ ደግሞ ለዲጎ ተከራከርኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ነው፤ ገጹ ላይ እንደ መጽሐፍ ቀለም እየቀባህ፣ በጠርዙ ማስታወሻ እየጻፍክ ለቡድንህ ታሳያለህ። ለአስተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ስንሞክረው ነፃው ሒሳብ ገደብ ነበረበት፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁና ገደቡን ዝቅ አድርጌ ነው ያቀረብኩት። ሌላዋ ባልደረባችን ሬይንድሮፕን አመጣች፤ በስልክ ላይ ያምራል፣ ሊንኮችን በየመደብ ያስቀምጣል፣ መሠረታዊ አገልግሎቱም በነፃ ነው። ስለ ፒንቦርድ የጠቀሰም ነበር፤ ክፍያው በየዓመቱ በዶላር መሆኑ ሲነገር ውይይቱ እዚያው አበቃ።

በዚህ መካከል የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። እኔ የማከብራቸው፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ሴት ናቸው። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡና «ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ መግቢያው ነገራችሁኝ። መውጫው በየት በኩል ነው?» አሉ።

ማንም መልስ አልነበረውም።

ጥያቄው እኔን የበለጠ ነካኝ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተነድፌበታለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ አገልግሎት ላይ ለዓመታት ያከማቸሁት፣ ከአራት መቶ የማያንስ ዕልባት ነበረኝ። የሚዘጋ መሆኑን በኢሜይል ነግረውኛል፤ ሁለት ጊዜም ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ያን ኢሜይል የምከፍተው በሴሚስተር አንዴ ስለነበር፣ ስደርስ በሩ ተከርችሟል። በእኔ ብቻ የደረሰ ጉዳይ አለመሆኑን ያወቅሁት ኋላ ታሪኩን ሳነብ ነው። የዚህ ሁሉ በኩር የሆነው ዴሊሽየስ እ.ኤ.አ. በ2003 በጆሹዋ ሻክተር ተጀመረ። ሰው ሊንኩን ለራሱ ሲያስቀምጥ ሌላውም እንዲያየው ያደረገ፣ መለያ ቃልንም ያስለመደ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሁ ገዛው፤ በ2011 ሸጠው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲንከራተት ቆይቶ በ2017 ተወዳዳሪው ፒንቦርድ ገዛውና የድሮውን ማየት እንጂ አዲስ መጨመር የማይቻልበት አደረገው። የጉግል ዕልባት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘጋ። የሞዚላው ፖኬትም ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በሩን ዘጋ። እነዚህ ሁሉ በጊዜያቸው ስመ ጥሩ ነበሩ፤ አስተማሪዎችም «ይኸን ተጠቀሙ» እየተባባሉ የጻፉላቸው ናቸው።

አገልግሎቱ ባይዘጋም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያኔ ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ውጭ ቀረ። የእኛ ሁሉ ማስታወሻ አንድ ቦታ ላይ ነበር።

ስለዚህ እትዬ ባሉት መሠረት ፈተና አወጣን። አሥር ሊንኮችን በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ከነመለያ ቃላቸውና ከነማብራሪያቸው አስገብተን መልሰን ለማውጣት ሞከርን። ከቴሌግራም በኮምፒዩተር በኩል ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የወጣው የግሩፑ ወሬ በሙሉ ነው። በሊንኮቹ መካከል የእንቁጣጣሽ ምኞት፣ የጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያ፣ «ማነው ነገ ከሚዛን የሚወርደው?» የሚል ሁሉ ተደርድሯል። ከሬይንድሮፕ ንጹሕ ዝርዝር ወጣ፤ የትኛውም የኢንተርኔት ማሰሻ ሊያነበው በሚችል ፋይል። ከዲጎም ወጣ፤ ዳሩ ግን በጠርዝ የጻፍኳቸውን ማስታወሻዎች እንደነበሩ አድርጎ የሚቀበል ሌላ ቤት አጣሁላቸው። የኔ ክርክር እዚያ ላይ ሞተ።

ያልጠበቅነው አሸናፊ ዞቴሮ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። እውነቱን ለመናገር ለጥናት ጽሑፍ ማጣቀሻ ማደራጃ ተብሎ የተሠራ ነው እንጂ ለእንደኛ ዓይነቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ የምታስቀምጠው በራስህ ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ከፈለግህ አድራሻውን ብቻ ሳይሆን የገጹን ቅጂ ራሱን ይይዝልሃል፤ ባለቤቱ ገጹን ነገ ቢያነሣው አንተ ዘንድ አለ። መብራት ከጠፋ ግን ምን ዋጋ አለው? እትዬ ይህንንም አልረሱትም፤ ዝርዝሩ በየወሩ በወረቀት ይታተም አሉ። በጉራፈርዳ በኩል የተመደበ ልጅ መረብ ፍለጋ ኮረብታ ከሚወጣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ ኮረብታው ላይ ሲደርስ የቱን እንደሚከፍት ያውቃል።

በመሆኑም ማኖሪያችን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ያለው ዞቴሮ ሆነ። ቴሌግራም ማከፋፈያ ብቻ ይሁን ተባለ። ስልክ እንጂ ኮምፒዩተር የሌለው እጩ መምህር ለግሉ ሬይንድሮፕን ቢይዝ እኔ አልቃወምም፤ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ግን ፋይሉን ያውጣ። አብዛኞቻችን እንደማናደርገው አውቃለሁ።

ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብን የቃላቱ ነገር ነው። እትዬ ከቢሯቸው የድሮውን የካርድ መሳቢያ አወጡልን። ካርዶቹ ከአማን ዝናብና እርጥበት የተነሣ ጫፋቸው ተጠቅልሏል፤ አንዳንዱም ሻግቷል። በአንዱ ላይ በእጅ ጽሕፈት «ጸሐይ» ይልና ከሥሩ «ፀሐይን ተመልከት» ይላል። ከዚህ በፊት ያን መሳቢያ አቧራ ሰብሳቢ ነው ብዬ ቀልጄበት አውቃለሁ፤ እሳቸውም አልረሱትም። «ተመልከት ማለት ይኸ ነው» አሉኝና ካርዱን እጄ ላይ አኖሩት። እኛ በአዲሱ መሣሪያ የተቸገርንበትን እሳቸውና ከእሳቸው በፊት የነበሩት በካርድና በእስክሪብቶ ጨርሰውት ኖሯል።

ስለሆነም ለእያንዳንዱ ርእስ አንድ ቃል ብቻ ወሰንን። ለሳይንስ «ሳይንስ»፤ ባለ ንጉሡ «ሣ» አይደለም። ክፍል ለማመልከት ቁጥሩን ከፊት፣ ለምሳሌ «6ኛ_ክፍል»። በእያንዳንዱ ሊንክ ሥር ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፋል፤ ስለ ምን እንደሆነና ለየትኛው ክፍል እንደሚበጅ። ይኸኛው ሥራ ይከብዳል። ሊንክ መወርወር ደቂቃ አይፈጅም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግን ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው። በቴሌግራም የወረወርኳቸውን አንድ በአንድ ሳጣራ፣ ከሲሶ የሚበልጡትን ራሴ እንኳ አንብቤ እንዳልጨረስኳቸው ደረስኩበት።

ያቺ እጩ መምህርት በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ተመልሳ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር» ብላ አስተካከለች፤ ዓለም ካርታ ሰቅላ ዘሩ የሄደበትን መንገድ ከጫካችን እስከ ፓናማ በክር አሳየቻቸው። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነው የነገረኝ። ያ ልጅ ሌላ ጥያቄ ጠይቋል አሉ፦ «ታዲያ ዘሩን ሲወስዱ ማንን አስፈቀዱ?» እሷም ለዚህ መልስ ይዛ እንድትመጣ ቃል ገብታለች። በዝርዝራችን ውስጥ ስለዚህ የሚናገር ጽሑፍ እስካሁን የለም። ያገኘ ሰው «ጌሻ» በሚለው ሥር ያስገባልን።

የቃላቱ ዝርዝር ከዚህ ሰሌዳ በስተግራ ተለጥፏል። የጎደለ ወይም የተሳሳተ ያገኛችሁ በእርሳስ ጻፉበት፤ እትዬ በእስክሪብቶ የተጻፈውን አይቀበሉም።