የድምፅ ፊደል ባለቤቱ ማን ነው?

በዘመናችን የሰው ድምፅ ከሰውየው ይልቅ ረዥም ዕድሜ ሊያገኝ ይችላል። አባቶቻችን የሟችን ቃል የሚይዙት በልባቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ሸክላ መጣ፤ ከሸክላም በኋላ ካሴት መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ የአንድን ቤተሰብ ድምፅ ሁሉ ትይዛለች። ነገር ግን ድምፅን መያዝ አንድ ነገር ሲሆን፣ የያዙትን መስማት ሌላ ነገር ነው። ይህን ያስተዋልሁት በሐብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ በምትኖረው አክስቴ ምክንያት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለአንባቢዎች ባጫውት ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

አክስቴ አንድ ወንድም ነበራት። እንደ ብዙዎቹ የሐብሩ ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሻግሮ፣ ብዙ ዘመን በጅዳ ኖሮ እዚያው ዐረፈ። በሕይወት ሳለ ደብዳቤ መጻፍ አይወድም ነበርና ድምፁን በቴሌግራም እየቀዳ ወደ እኔ ይልክ ነበር። ሰላምታውን ያቀርባል፤ ስለ ማሽላው ይጠይቃል፤ እኅቱን ይመርቃል፤ ደስ ባለውም ቀን በአምባሰል ቅኝት ያንጐራጕራል። አምባሰል ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን የሰጠው አገርም የሐብሩ ጎረቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ አክስቴ ቤቷን ትታ ስትሸሽ የድሮዎቹ ካሴቶች ሁሉ ጠፉ። ከወንድሟ የቀሩት በእኔ ዘንድ ያሉት አርባ ያህል የድምፅ መልእክቶች ብቻ ሆኑ።

እኔ ወልድያ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስለምሠራ፣ አክስቴ ድምፁን የምትሰማው መርሳ በወረድሁ ቀን ከስልኬ ላይ ብቻ ነበር። እርሷ ያላት ሚሞሪ ካርድ የምትቀበል ትንሽ ስፒከር ናት። መልእክቶቹን በካርድ ገልብጬ ብሰጣት፣ ስፒከሯ በካርዱ ላይ የነበሩትን መንዙማዎችና ዘፈኖች ሁሉ አጫውታ የአጎቴን ድምፅ ግን እንደሌለ ቈጥራ አለፈችው። አክስቴም፣ «ልጄ፣ የወንድሜ ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ ትለኛለህ፤ ታዲያ ምን አስኰረፈው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በካርድ ላይ ሲቀመጥ በቍጥር ይጻፋል፤ የሚጻፍበትም ሥርዓት ፎርማት ይባላል። ፎርማት ለድምፅ እንደ ፊደል ነው። ፊደሉን ያልተማረ ሰው ጽሑፉን ቢያየው እንኳ እንደማያነበው ሁሉ፣ ፎርማቱን ያልተማረች ማጫወቻም ድምፁን አታወጣም። ርካሾቹ ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ኤምፒ ስሪ የተባለውን ነው። ቴሌግራም ግን የድምፅ መልእክትን የሚጽፈው ኦፐስ በተባለ ፎርማት ሲሆን፣ የሚቋጥረውም ኦግ በተባለ ከረጢት ነው።

የእነዚህ ፎርማቶች ታሪክ ለተማሪ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ኤምፒ ስሪን ካበጁት መካከል የጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም አንዱ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ተቋሙ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ደብዳቤ ጽፎ፣ በፎርማቱ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያሠራጭ ሁሉ የፓተንት ክፍያ እንዲከፍል ጠየቀ። ይህም ሀ ሁ ባለቤት ኖሮት፣ መጽሐፍ የሚያሳትም ሁሉ የፊደል ኪራይ ይክፈል እንደ ማለት ነው። ክሪስ ሞንትጐሜሪ የተባለ አሜሪካዊ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ ቮርቢስ የተባለውን፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚሠራበትን ፎርማት በ2002 ፈጽሞ አወጣ። ከድምፁ ምንም የማይጥለው ፍላክ በ2001፣ ኦፐስም በ2012 ወጡ። የኤምፒ ስሪ ፓተንቶች ዘመናቸው አልፎ ተቋሙ ፈቃድ መሸጡን ያቆመው በ2017 ነው። ክፍት ፎርማት የሚባለው እንግዲህ ሥርዓቱ ለሁሉ ተገልጦ የተጻፈ፣ ኪራይም የማይጠየቅበት ነው።

አንድ የሙዚቃ ቤት ልጅ፣ «ሁሉንም ወደ ኤምፒ ስሪ ልለውጥልህ» አለኝ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ዳሩ ግን ሁለቱም ፎርማቶች ቦታ ለመቈጠብ ሲሉ ጆሮ ብዙ የማይሻውን የድምፅ ክፍል ስለሚጥሉ፣ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ የተነፋን ዱቄት ደግሞ በሌላ ወንፊት እንደ መንፋት ነው፤ ጥቂት መጕደሉ አይቀርም። ስለዚህ የሟች ድምፅ ለማጫወቻው ከሚለወጥ፣ ማጫወቻው ለድምፁ ቢለወጥ ይሻላል ብዬ ቈረጥሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመሳቢያው ውስጥ የነበረችውን ሳንሳ ክሊፕ ፕላስ የተባለች ትንሽ ማጫወቻ ሰጠኝ። ይህች ማጫወቻ ከፋብሪካ ስትወጣ ቮርቢስንና ፍላክን ታነባለች፤ ኦፐስን ግን አታውቅም። ከረጢቱ ያው ኦግ ቢሆንም በውስጡ ያለው እህል ሌላ ነውና። መፍትሔው ሮክቦክስ የተባለው ፕሮግራም ሆነ። ሮክቦክስን በ2001 የጀመሩት ጥቂት የስዊድን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ናቸው። በገዙት ማጫወቻ ላይ ያለው ፕሮግራም አላረካቸው ቢል፣ የራሳቸውን ጽፈው ለዓለም ሁሉ በነፃ አደሉት። የአፕል ኩባንያ አይፖድ በራሱ ፕሮግራም የማያነበውን ቮርቢስ እንኳ በሮክቦክስ ያነባል። ማየት ለተሳናቸውም ዝርዝሩን በድምፅ ይናገራል።

ሥራው የፈጀብኝ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ማጫወቻዋን በገመድ ከላፕቶፕ ጋራ አገናኘሁ፤ የሮክቦክስን መጫኛ ከፈትሁ፤ እርሱም ፕሮግራሙን አስገባ፤ ነቅዬም አስነሣኋት። የፋብሪካው ፕሮግራም ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ የቀድሞው ነገር አይጠፋም። መርሳ ወርጄ በስፒከሯ ሽቦ ባገናኛት የአጎቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አክስቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና፣ «አዎ፣ እንዲህ ነበር የሚስቀው» አለች።

ወዳጆቼ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ጕዳዩ የአንዲት አክስት ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ በተቋረጠ ጊዜ፣ ሰው ሊሰማ የቻለው በእጁ ያለውን ብቻ ነበር። በእጅ ያለው ደግሞ የሚጠቅመው ሊነበብ ሲችል ነው። ስለዚህ ማጫወቻ ስትገዙ መልኳን ብቻ ሳይሆን የትኞቹን ፎርማቶች እንደምታነብ ጠይቁ፤ በእጃችሁም ካለው ፋይል አንዱን በሱቁ ውስጥ ሞክሩባት። የሽማግሌዎቻችሁን ምርቃትና የአገራችሁን ዜማ ስትቀዱ በፍላክ ወይም በሌላ ክፍት ፎርማት ቅዱ። ወደ ሌላ ፎርማት ብትለውጡም የመጀመሪያውን ቅጂ አትደምስሱ። የፎርማቱ ሥርዓት ለሁሉ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ያለው ማጫወቻ ሁሉ ቢሰበር እንኳ ከልጅ ልጆቻችን አንዱ አንብቦ የሚያጫውት አዲስ ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል።