ታይገር ጠፍቶበት የነበረው ጫካ

ሳሪስካ ደረቅ ጫካ ነው። በበጋ የገባ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ደን አይጠብቅ፤ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ ውሃ ባለበት ሸለቆ ደግሞ የተሰበሰቡ አጋዘኖችና ጣዎሶች ነው የሚያገኘው። ቦታው በሕንድ ራጃስታን ግዛት፣ በአራቫሊ ተራሮች መካከል ነው፤ ከዴልሂ በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ የሄድኩት ታይገር እዚህ እንዴት ፈጽሞ ሊጠፋ እንደቻለ ከቦታው ሰዎች ለመስማት ነበር።

አስጎብኚያችን በድንገት ሞተሩን አጠፋ። ከገደሉ በላይ ሳምባር የሚባለው ትልቁ አጋዘን ደጋግሞ ጮኸ፤ ጦጣዎቹም ከዛፍ ላይ ተቀበሉት። ታይገር ያየ እንስሳ የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ነው አለን። ወርዶ አቧራው ላይ ያለውን ዱካ አሳየን። ከእጁ መዳፍ ይሰፋል፤ አራቱ ጣቶች ጥርት ብለው ታትመዋል፣ የጥፍር ምልክት ግን የለም፤ ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባላ። ባለቤቱን አላየነውም።

ሕንድ ታይገሮቿን ለረጅም ዘመን የቆጠረችው በዚህ ዱካ ነበር። አንዱ እንስሳ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፤ የሞተውም በመዝገብ ላይ በሕይወት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳሪስካ በወረቀት ላይ ከደርዘን በላይ ታይገሮች ነበሩት። በ2005 ጫካው በደንብ ሲፈተሽ አንድም አልተገኘም። አዳኞች ታይገሩ በሚመላለስበት መንገድ ላይ የብረት ወጥመድ እየቀበሩ ጨርሰውታል፤ ቆዳው ለጌጥ፣ አጥንቱ በቻይና ለባህል መድኃኒት ይሸጣል። ድንጋጤው አገር አናወጠ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው በካሜራ ሆነ፤ የአንዱ ታይገር መስመር ከሌላው ስለማይገጥም ፎቶው ይለየዋል። በ2006ቱ ቆጠራ በመላ ሕንድ የተገኘው 1,411 ብቻ ነበር፤ ቀድሞ ይታመን ከነበረው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ባለሥልጣናቱ ያንን መራራ ቁጥር በይፋ መናገራቸውን አከብራለሁ። በ2022 ግምቱ 3,682 ደርሷል።

ሳሪስካም እንደገና ጀመረ። በ2008 ከራንታምቦር ጫካ አንድ ወንድ በማደንዘዣ ተይዞ በአየር ኃይል ሄሊኮፕተር መጣ፤ ሴቶችም ተከተሉት። ያ የመጀመሪያው ወንድ በ2010 ተመርዞ ሞተ። ግልገሎች የታዩት በ2012 ነው። ዛሬ የሳሪስካ ታይገሮች ከ40 በላይ ናቸው።

መርዙ ግን ለምን? መልሱን ፍለጋ ጫካው ውስጥ ወዳለ የጉጃሮች መንደር ገባሁ። የቤት ጎሽ አርቢዎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ በጎሽ ወተት የፈላ ሻይ አቀረቡልኝ፤ ልጃቸው እያስተረጎመ አወጋን። ታይገር የምትታለብ ጎሽ ሲበላ ቤቱ የየቀኑን ገቢ ያጣል፤ ካሳ ቢሰጥም ከወተቱ ጋር አይመጣጠንም አሉኝ። የተቆጣ ሰው በጥንቡ ላይ መርዝ ቢያደርግ ማን ያየዋል? «ታይገሩን ትጠሉታላችሁ ወይ አባቴ?» አልኳቸው። እሱ ባይኖር ጫካው ድሮ ተመንጥሮ ባለቀ ነበር አሉ። የሚፈሩት ለታይገሩ ሲባል ከመንደሩ መነሣትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወደ ደባርቅ የተዛወሩት የግጭ ነዋሪዎች ትዝ አሉኝ። ዋልያው ግጦሽ እንዲያገኝ እነሱ ቀያቸውን ለቀቁ። ታይገር ከሰውና ከከብት የራቀ ሰፊ ቦታ እንደሚሻ አምናለሁ፤ ስለዚህ መዛወር የሚቀር አይመስለኝም። ነገር ግን የተነሣው ሰው መሬትና ውሃ አግኝቶ ካልተቋቋመ፣ ነገ ወጥመድ ይዞ ለሚመጣው አዳኝ መንገድ መሪ የሚሆነው እሱ ነው። ጫካውን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጥቷል። ወጣት ወንድ ታይገሮች የራሳቸውን ግዛት ፍለጋ ከጫካው ይወጣሉ። በ2024 አንዱ ተሻግሮ ሃሪያና ግዛት ገባ፤ ወራት ከቆየ በኋላ በማደንዘዣ ተይዞ ወደ ሌላ ጥብቅ ጫካ ተወሰደ። ከሳሪስካ ስንወጣ በሁለቱም በኩል የሰናፍጭ እርሻ ነበር፤ ከእርሻው ወዲያ የእብነ በረድ ካባ ኮረብታውን ቆርሶታል። የሚቀጥለው ወጣት ታይገር የሚያልፈው በዚያው ነው። ቢያንስ አንድ የጫካ መተላለፊያ ካልተተወለት፣ በየጊዜው በማደንዘዣ እያስተኙ መመለሱ የትም አያደርስም።