ፖምፓው ከመቀየሩ በፊት



ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ 2,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ታች ሸሚዝ ያስወልቃል፤ ላይ ጋቢ ያስደርባል። እኛ ተሳፋሪዎች ለውጡን በጆሯችን መደፈንና በብርዱ እናውቀዋለን። መኪናው ግን በነዳጅ ፖምፓው በኩል ያውቀዋል። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚሁ ፖምፓ ነው።

«እጩ መምህርና ፖምፓ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከይፋት ቆላ የመጣን ልጆች ብዙዎቻችን ወደ ማሠልጠኛው የወጣነው በአሮጌ ፒክአፕ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭነን ነው። የቤተሰቦቻችን ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማሾና ማንጎ ገበያ የሚደርሰው፣ አንዳንዴም በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በዚያው መኪና ነው። መኪናው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ቲማቲሙ ፈሰሰ፣ ሽንኩርቱም በጆንያው ውስጥ ተበላሸ ማለት ነው። መለዋወጫው ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው አይቀመስም። እንግዲህ አንድን ፖምፓ ያለ በቂ ምክንያት መቀየር ከአንድ ቤተሰብ በረት ከብት ነድቶ እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

በዚያ ላይ ጣርማ በር እንደ ሌላው መንገድ ዳር ይዘው ተረጋግተው የሚጠግኑበት ቦታ አይደለም። ዋሻው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት ውስጥ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፎሌ የሚሉት የሹፌሮቻችን ቃላትም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ጉም ሲወርድበት ፊት ለፊት ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም። ሞተር ድንገት ሲጠፋ መሪ ይከብዳል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይልም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ጭነት በመኪናው ላይ፣ ሰው በጭነቱ ላይ! ስለሆነም የፖምፓ ነገር ከገንዘብም አልፎ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ባለፈው በጋ የተሳፈርንበት የቤንዚን ፒክአፕ ከደብረ ሲና ከፍ እንዳልን ጉልበቱ እየላላ፣ እያስነጠሰ ጥቂት ሄደና ጠፋ። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ያዘ። «ወላሂ ይኼ ፖምፓ ወር አልሞላውም! የፊተኛውም ሦስት ወር አልሠራልኝም» አለን። ሁለቱንም ጊዜ የወሰደበት ጋራዥ ብዙም ሳይጠይቅ «ፖምፓው ሞቷል» ብሎ አዲስ ገጥሞ ሸኝቶታል። ለሁለተኛው ፖምፓ ወይፈን ተሽጧል።

በዚህ መኻል አንድ ሸምገል ያሉ የጭነት መኪና ሹፌር ከኋላችን ደርሰው ቆሙ። መፍቻ አልያዙም። መጠየቅ ነው የጀመሩት።

«የሚጠፋብህ መቼ ነው ልጄ፤ ጧት ነው ቀን?»

«ቀን ነው ጋሼ። ጧት ምንም አይለው።»

«ሽቅብ ነው ሜዳ?»

«ሽቅብ ነው። ሮቢት ሜዳው ላይ እንደ ፈረስ ነው የሚጋልበው።»

«ከጠፋ በኋላስ ምን ስታደርገው ይነሣል?»

«ግማሽ ሰዓት ዝም ካልነው ራሱ ይነሣል።»

«እና የሞተ ፖምፓ ግማሽ ሰዓት ስለተኛ ይነሣል እንዴ?» አሉት። እኛ ሳቅን፤ ሹፌሩ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ከምንጠጣው ውኃ ላይ ጨርቅ አርሰው ፖምፓውንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ቱቦ ጠቀለሉት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሞተሩ ተነሣ። «አየህ? ፖምፓህ በሕይወት አለ። ቤንዚንህ ነው የፈላው» አሉት። ጎንበስ ብለው ከሥር ሲያዩ የቤንዚኑ ቱቦ ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ በሽቦ ታስሯል። ከፖምፓው በፊት ያለው ፊልትሮም ደለል ጠጥቶ ጠቁሯል። ቱቦው ከጭስ ማውጫው እንዲርቅ ተደረገ፤ ፊልትሮው ደብረ ብርሃን ላይ ተቀየረ። የፊልትሮው ዋጋ የፖምፓውን ሩብ አይሞላም። ያው «ወር ያልሞላው» ፖምፓ ከዚያ ወዲህ ጣርማ በርን ስንት ጊዜ ወጥቶታል!

አሁን ነገሩን ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር እናያይዘው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ጣርማ በር ላይ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ውኃ በ96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲፈላ ጣርማ በር ላይ በ90 ገደማ ይፈላል። መንዝ ላይ ንፍሮ ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ ነው። ቤንዚን ደግሞ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ ቀላሎቹ ክፍሎቹ በ40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ መፍላት ይጀምራሉ። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ያለው ፖምፓ ሞተሩ ጎን ላይ የተገጠመ ነው፤ በካምሻፍት እየተመታ በውስጡ ያለውን የላስቲክ ሽፋን፣ ማለትም ዲያፍራሙን፣ ያርገበግባል። ነዳጁን ከሩቅ፣ ከኋላ ካለው ሰልባቲዮ ድረስ ይጠባል። በመቃ ውኃ የመጠጠ ልጅ እንደሚያውቀው፣ መጥባት ማለት ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ነው። ፊልትሮው ሲደፈን ፖምፓው አብልጦ ይጠባል፤ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። እንግዲህ ከፍታው፣ የሞተሩ ሙቀት፣ በአንደኛ ማርሽ ሲያዘግሙ የሚጠፋው ነፋስና የተደፈነው ፊልትሮ አንድ ላይ ሲገናኙ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ፖምፓው ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። ሞተሩ ይራባል፤ ይጠፋል።

ስለዚህ ምርመራ በተራ ይሁን። ከሰልባቲዮ ተነሥቶ ወደ ሞተር፣ ከርካሹ ተነሥቶ ወደ ውዱ።

አንደኛ፣ ነዳጁ ራሱ ይታይ። ጠቋሚው መርፌ ይዋሻል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ቤንዚንና ናፍጣ አቧራና ውኃ ይዞ ይመጣል። የሰልባቲዮው ክዳን ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ስቦ «ሲስስ» ካለ መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቱቦና ፊልትሮ ይታዩ። የሚያንጠባጥብ፣ የተሰነጠቀ፣ የታጠፈ ወይም ወደ ጭስ ማውጫ የተጠጋ ቱቦ ካለ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ፖምፓው ይኬዳል። በሞተር የሚመታው ዓይነት ከሆነ ሞተሩ በርዶ፣ የካንዴላው እሳት ተቋርጦ፣ ከፖምፓው የሚወጣው ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይዞርና ሞተሪኖ ይመታል። ቤንዚኑ በየምቱ በኃይል ከተረጨ ፖምፓው ደኅና ነው። የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዲያፍራሙ ተቀዷል። ይህ ሲሠራ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብ አይድረስ።

አራተኛ፣ በኢንጄክሽን የሚሠራ የቤንዚን መኪና ከሆነ ፖምፓው ኤሌክትሪክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰልባቲዮው ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። ቁልፉ ሲከፈት ለሁለት ሴኮንድ ያህል እንደ ንብ ሲያጉረመርም ይሰማል። ካልተሰማ ፊውዙ፣ ሪሌውና ሽቦው ይመርመር፤ በተለይ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው የኔጌቲቭ ሽቦ ዝጎ እንደሆነ ይታይ። ከተሰማ ደግሞ ግፊቱ በመለኪያ ይለካ፤ በብዙዎቹ መኪኖች 3 ባር አካባቢ መሆን አለበት። ይህን ዓይነት ፖምፓ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው። ሁልጊዜ በጭላጭ ነዳጅ መንዳት ፖምፓውን ያቃጥለዋል።

አምስተኛ፣ የናፍጣ ፒክአፕ ጠባዩ ሌላ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፤ ጠላቱ አየርና ውኃ ነው። ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ በሚጠባው ቱቦ በኩል አየር እየገባ እንደሆነ ይጠርጠር። በብዙ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ላይ ፊልትሮው አናት ላይ የእጅ ፖምፓ አለ፤ እሱን እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት ይቻላል። ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውም ውኃ በየጊዜው ይፍሰስ። በአዲሶቹ ኮመን ሬል በሚባሉት ሞተሮች ላይ ግን ግፊቱ ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ፣ ሞተሩ እየሠራ የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ማላላት ፈጽሞ ክልክል ነው። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

«ታዲያ ለምን በትልቁ አንቀይረውም?» የሚሉም አሉ። ማሻሻል ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በልክ ነው። ለካርቡሬተር መኪና ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከሰልባቲዮው አጠገብ ቢገጠምለት፣ ከሩቅ የሚጠባው አሁን ከቅርብ የሚገፋ ይሆናል፤ የተገፋ ቤንዚን ደግሞ እንደተጠባው ቶሎ አይፈላም። ካርቡሬተር የሚፈልገው ግን ከ0.2 እስከ 0.35 ባር ያህል ብቻ ነው። «ኃይለኛ ነው» ተብሎ የኢንጄክሽን ፖምፓ ቢገጠምለት ግፊቱ አሥር እጥፍ ያህል ይሆንና ቤንዚኑ ከካርቡሬተሩ ገንፍሎ ትኩስ ሞተር ላይ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቃጠሎ ነው። ፖምፓው የራሱ ፊውዝና ሪሌ፣ ከፊቱም ፊልትሮ ሊኖረው ይገባል። መኪናው ቢገለበጥና ሞተሩ ቢጠፋ ፖምፓው ቤንዚን መርጨቱን እንዲያቆም፣ በሞተር ዘይት ግፊት የሚሠራ ማጥፊያ ይደረግለት። ይህ ሁሉ ካልተሟላ እርጥብ ጨርቅ ይሻላል።

ይህን ስንጽፍ በልባችን ያለው የክፍል ጉዳይም ነው። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ፣ እየሠራ ቆይቶ ድንገት የሚቆም ተማሪ ይገጥመናል። ያ ጋራዥ ፖምፓውን «ሞቷል» እንዳለው «ሰነፍ ነው» ብሎ ወደ ኋላ ወንበር መግፋት ቀላል ነው። መቼ ነው የሚቆመው? ጧት ነው ከሰዓት በኋላ? በየትኛው ትምህርት? ቁርስ በልቶ ነው የመጣው? ስንት ሰዓት ተጉዞ? የይፋት ልጅ ከብት አጠጥቶ፣ ተራራ ወጥቶ ክፍል እንደሚገባ እኛ ካላወቅን ማን ያውቃል! ጥያቄው ከጥገናው ይቅደም የምንለው ለሁለቱም ነው።

እስከዚያው ግን አንድ የማስተማሪያ ዘዴ እናቅርብ። መርፌ የሌለው አንድ ሲሪንጅና 70 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ ይበቃል። ሲሪንጁ እስከ ሩቡ ውኃ ይቅዳ፤ አየሩ ይውጣ፤ አፉ በጣት ጥብቅ ተደርጎ ይደፈን። ከዚያ መግፊያው ወደ ኋላ ይሳብ። እሳት የሌለበት ውኃ ተማሪዎቹ ዓይን ፊት ይፈላል። የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ያላችሁ እጩ መምህራን በማስተማር ልምምዱ ላይ ሞክሩት። ውኃው ለምን እንደፈላ ከመንገራችሁ በፊት ግን ተማሪዎቹን ጠይቋቸው። ከጣርማ በር ግርጌ ያደገ፣ አባቱ ፒክአፕ ሲገፋ ያየ ልጅ መልሱን ከእናንተ ቀድሞ ሊያገኘው ይችላል።